ማዘርቦርድ በስንተኛው ደቂቃ ይመዘናል?

በአዲስ አበባ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ጥያቄው የታወቀ ነው፤ ጀነሬሽኑ ስንት ነው፣ ራሙ ስንት ነው፣ ኤስኤስዲ ነው ወይስ ሃርድ ዲስክ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ «ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ?» የሚል አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። እነዚህን ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራውን ማዘርቦርድ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ጠንቀቅ ያለ ሻጭ ሲኒቤንች ወይም ጊክቤንች የተባለ የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቶ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ ገዢም ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ካገኘው ጋር አስተያይቶ «ልክ ነው» ብሎ ይከፍላል።

ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ግን ስለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያውም ስለ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። የማዘርቦርድ ጉዱ የሚወጣው ቆይቶ ነው፦ ሙቀት ሲጠራቀም፣ መብራት ሲወላውል፣ ከዓመት በኋላ «አንድ ነገር ልጨምርበት» ሲባል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ስንመዝን ዓይናችንን ከከፍተኛው ነጥብ አንስተን ነጥቡ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት አለብን ባይ ነኝ። ይህ የቴክኒክ ቅንጦት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስህተት ዋጋው በዚያው ልክ ንሯል፤ ድሮ «ይሁን፣ ሌላ እገዛለሁ» የሚባልበት ቦርድ ዛሬ የደሞዝ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ቦርዱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ማዘርቦርድ ራሱ ስሌት አይሠራም። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚችለው አንድ ቮልት ገደማ ያወርዳል፤ ይህን የሚያደርገው በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደረው ቪአርኤም የሚባለው ክፍል ነው። ለራም መንገድ ይዘረጋል፤ ለዲስክና ለግራፊክስ ካርድ መስመር ያካፍላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በባዮሱ አማካይነት ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ኃይል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዲወስድ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሁለት ደኅና ቦርዶች ላይ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብትሰኩ የነጥቡ ልዩነት ከአንድና ከሁለት በመቶ ብዙም አያልፍም። አንዱኑ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ብትለኩትም ያን ያህል ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ቦርዶችን በደረጃ አሰልፈው አንዱን በፀጉር ስፋት አሸናፊ የሚያደርጉ ሠንጠረዦች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀት ከማባከን አይዘሉም።

ቦርድ ለነጥብ ሲል ሲያጋንን፣ ወይም አቅም ሲያጥረው ግን ነገሩ ይለወጣል።

የማጋነኑን ታሪክ ዓለም በቅርቡ በውድ ዋጋ ተምሮታል። የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ፕሮሰሰር የኃይል ጣሪያ 253 ዋት ነው። ብዙ የማዘርቦርድ አምራቾች ግን ባዮሳቸው ላይ 4095 ዋት ብለው ሞልተው ይሸጡ ነበር፤ ጣሪያ የለውም ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገምጋሚዎች ቦርዶችን በነጥብ ስለሚያወዳድሩ፣ ገደቡን ያከበረ ቦርድ በሠንጠረዡ ግርጌ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ጀነሬሽን ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት ፕሮግራም እየዘጉ፣ ኮምፒውተሩን እያጠፉ መቸገር ጀመሩ። ኢንቴል መጀመሪያ የቦርድ አምራቾቹን ወደ ገደቡ እንዲመለሱ ጠየቀ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ የራሱ ማይክሮኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበር አመነ። በነሐሴ 0ኤክስ129 የተባለው ማስተካከያ በባዮስ በኩል ተለቀቀ፣ ዋስትናውም በሁለት ዓመት ተራዘመ። ጥፋቱ የቦርዶቹ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም የነጥብ ፉክክር የኃይል ገደቡን ገፍቶ መጣሉን ማንም አልካደም፤ ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ደግሞ ማስተካከያው አያድነውም።

ኤኤምዲም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ ቦርዶች ለራይዘን ፕሮሰሰሮች የኃይል ፍጆታቸውን አሳንሰው እንደሚነግሯቸው ተጋለጠ። ፕሮሰሰሩ «ገና ብዙ ይቀረኛል» ብሎ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ነጥቡም ከፍ ይላል። ቤንችማርክ የተባለው ነገር እዚህ ላይ ከመለኪያነት አልፎ ተታላይ ሆኗል።

የማነስ ችግሩ እኛን ይበልጥ ይነካናል። ኮር አይ5 11400ን ውሰዱ፤ የተረጋገጠለት መነሻ ፍጥነት 2.6 ጊጋኸርዝ ነው፣ ሁሉም ኮሮቹ በአንድ ላይ ሲሮጡ እስከ 4.2 ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው በአብዛኛው ቦርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ርካሽ ቢ560 ቦርዶችን የፈተሹ ሰዎች ያገኙት ይህንኑ ነበር፤ አንዱ ቦርድ ፕሮሰሰሩን በ65 ዋት ጠርንፎ ሲይዘው ሌላው ለቀቀው፣ ያው ፕሮሰሰርም ሁለት የተለያየ ዕቃ መሰለ። ሁለቱም ካርቶኖች ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፤ 4.2 ማንም ቃል ያልገባበት ጣሪያ ስለሆነ ገዢው የሚከስበት መንገድ የለውም።

በከተማችን በብዛት የሚሸጡት ዩዝድ ዴል ኦፕቲፕሌክሶችና ኤችፒ ኤሊትዴስኮች ጠርናፊዎቹ ወገን ውስጥ ይመደባሉ። የቢሮ ዕቃዎች ናቸው፤ ሲሠሩም የታሰበው ለዝምታና ለዕድሜ እንጂ ለነጥብ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ እንዲሮጥ ይፈቅዱና ወደ ገደቡ ይመልሱታል። በ10ኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ምክር መሠረት ይህ የሩጫ ጊዜ ለ65 ዋት ፕሮሰሰሮች 28 ሰከንድ፣ ለ125 ዋቶቹ 56 ሰከንድ ነው። ጊክቤንች ደግሞ ሥራውን ቆራርጦ በየመካከሉ ዕረፍት ስለሚሰጥ ውጤቱ በዚህች የሩጫ ጊዜ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲኒቤንች አር23 ነጥብ ከመስጠቱ በፊት 10 ደቂቃ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀው ያለ ነገር አልነበረም፤ ሱቅ ውስጥ ግን ማን ይጠብቃል፣ አንድ ዙር ብቻ አስሩጠው ቁጥሩን ያሳዩሃል። ሚኒባስ ሊገዛ የመጣ ሰው መኪናውን ከሜክሲኮ ሣር ቤት ነድቶት አይረካም፤ ሰው ሞልቶ እንጦጦን ሲወጣ የሙቀት መለኪያው የት እንደሚደርስ ማየት ይፈልጋል።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሆነ ለማየት ልደታ ክፍለ ከተማ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር የተጀመረውና ዛሬም ብዙዎች ሕንፃ ኮሌጅ የሚሉት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ ለጁሪ ሲዘጋጅ ሬቪት ወይም አርኪካድ ላይ የሠራውን ሞዴል በቪሬይ ሬንደር ያደርጋል፤ ሥራው በፕሮሰሰር የሚሄድ ከሆነ አንድ ምስል ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ለእሱ የመጀመሪያው ደቂቃ ነጥብ ምንም አይጠቅመውም። ሌሊቱን ሙሉ ኮሮቹ ሳይንበረከኩ የሚቆዩበት ፍጥነት ነው ሥራው። በአንጻሩ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ አካባቢ በፓወር ግዕዝ ክስና መልስ፣ ይግባኝና አቤቱታ የሚተየብባቸው የጽሕፈት ቤቶች አሉ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩን ቀኑን ሙሉ አያስጨንቀውም፤ የ4ኛ ጀነሬሽን ቦርድ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። የሚያስፈልገው መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው መነሳት ነው፤ ባለጉዳዩ በቀጠሮው ሰዓት ሰነዱን ይዞ መዝገብ ቤት መድረስ አለበትና። ሁለቱን ሰዎች በአንድ የሲኒቤንች ቁጥር ማማከር ሁለቱንም ማሳሳት ነው። ለተማሪው ገንዘቡ ቪአርኤሙ ሂትሲንክ ያለው ቦርድ ላይ ይዋል፤ ለጸሐፊው ደግሞ ጥሩ ዩፒኤስ ላይ።

እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጡ ግምገማዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆን ይሳሳል፤ ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ኤችፒ በዴስክቶፖቹ መመሪያ ላይ ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቀነስ ይጽፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ኮምፒውተር አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ ወደ 27 ይወርዳል። ደግነቱ ከተማችን ቀዝቃዛ ናት፤ አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሳል። መስኮት በሌለው፣ ሃያ ኮምፒውተር በታጨቀበት የሥልጠና ክፍል ውስጥ ግን 27 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። የጠባብ ኬዝ ባለቤቶች፣ በተለይ ቪአርኤሙ ባዶውን የቆመ ቦርድ የያዙ፣ ይህን ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ መብራቱ አለ። የፓወር ሰፕላይ ስታንዳርድ የሆነው ኤቲኤክስ፣ መብራት ሲቋረጥ ፓወር ሰፕላዩ በውስጡ ባለው ኃይል ከ16 እስከ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ቦርዱን እንዲያቆይ ይጠይቃል። የእኛ 50 ኸርዝ መብራት አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለዓይን የማይታይ፣ አምፖሉን ብልጭ ብቻ የሚያደርግ መቋረጥ እንኳ ኮምፒውተር ሊያጠፋ ይችላል። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ዕቃዎቹ አዲስ ከሆኑ ጊዜው ይበቃል። ካፓሲተሩ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ግን 16ቱን ላይሞላ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በፋታ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሙሉ ሥራ ላይ እያለ ነው የሚታየው። ስለዚህ የእኛ አገር ቤንችማርክ አንድ የራሱ ፈተና ያስፈልገዋል፦ ሲኒቤንች በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ ሳለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው መንቀል። ኮምፒውተሩ ሳይነቃነቅ ከቀጠለ አልፏል፤ ከጠፋ ወይም ሪስታርት ካደረገ ሠላሳ ሺህ ነጥብ ቢያመጣም ወድቋል። ንጹሕ የቦርድ ፈተና አይደለም፣ ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱንም አብሮ ይፈትናል። ተጠቃሚውም ቢሆን የሚኖረው ከድምሩ ጋር ነው።

መብራትን ካነሳን አይቀር ከሁሉም ርካሽ የሆነችውን ሲአር 2032 ባትሪን ልጥቀስ። ቦርዱ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምታስታውሰው እሷ ናት። ስትሞት ብዙ ቦርዶች ላይ በየመቋረጡ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ በእጅ የተስተካከለው የራም ፍጥነት ይጠፋል፣ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የተደረገው ምርጫ ይጠፋል። ከዚያ «ኮምፒውተሩ ዘገየ» ይባላል። ዩዝድ ገዝቶ ነጥብ ከመለካቱ በፊት ባትሪዋን የማይቀይር ሰው ሲለካ የነበረው ባትሪዋን ሊሆን ይችላል።

ነጥብ ፈጽሞ የማያሳየው ጉዳት ምን እንደሚመስል ዴል ራሱ አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የሸጣቸው ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 የሚባሉት ዴስክቶፖች ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮች ነበሩባቸው። በተሸጡበት ቀን የትኛውም ቤንችማርክ ነውር አያገኝባቸውም ነበር። ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ካፓሲተሮቹ እየተነፉና እየፈሰሱ ቦርዶቹ ወደቁ፤ ኩባንያው በ2005 ለዚሁ ጣጣ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። የእኛ ጠጋኞች ዛሬም ቦርድ ሲቀበሉ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ካፓሲተሩ አናት ላይ ነው፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ተነፍቷል? ይህ የአምስት ሰከንድ ምርመራ ከብዙ ሶፍትዌር ይበልጣል። ዛሬ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት በአብዛኛው ጠጣር ፖሊመር ስለሆኑ አደጋው ቀንሷል፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ግን አሁንም ፈሳሽ ያለባቸው ናቸው።

አሁን ወደ አራተኛው ጥያቄ፣ ወደ ዊንዶውስ 11፣ እንመለስ፤ ቦርድ ጣሪያ መሆኑ እዚህ ፍንትው ብሎ ይታያል። ኦፕቲፕሌክስ 7050 በኪው270 ቺፕሴት የተሠራ፣ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን የሚቀበል ነው። 7060 ደግሞ በኪው370 የተሠራ፣ 8ኛ ጀነሬሽን የሚቀበል። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የፕሮሰሰር መቀመጫቸው እንኳ ያው 1151 የሚባለው ነው። ይህን ያየ ሰው «7050ውን ልግዛና ነገ 8ኛ ጀነሬሽን እሰካበታለሁ» ይላል። አይሆንም፤ መቀመጫው ቢገጥምም ቦርዱ አይቀበለውም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር መስመሩን ያሰመረው 8ኛ ጀነሬሽን ላይ ስለሆነ፣ 7050 ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ኖሮትም ከኦፊሴላዊው ዝርዝር ውጭ ነው። በአቋራጭ የሚጭኑት አሉ፤ ይሠራልም፤ ነገ የሚመጣው አፕዴት እንደሚቀበለው ግን ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። በነጥብ ከሄድን የ7ኛው አይ5 ከ8ኛው አይ3 ብዙም የማይርቅ ነው። ነጥባቸው የተቀራረበ ሁለት ኮምፒውተሮች የቀራቸው ዕድሜ ግን አይቀራረብም።

ስለ ራም አጭር ነገር። 8 ጂቢ በአንድ ስቲክ የተሸጠ ኮምፒውተርና በሁለት ባለ4 ጂቢ ስቲክ የተሸጠ ኮምፒውተር በወረቀት እኩል ናቸው። ዲዲአር4 2400 በአንድ ቻናል በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ በሁለት ቻናል 38.4። የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ይህ ልዩነት ስክሪኑ ላይ በዓይን ይታያል፤ ሲኒቤንች ግን አብዛኛውን ሥራውን በካሽ ሚሞሪ ስለሚጨርስ ልዩነቱን ይውጠዋል። ገዢው ሻጩን ሁለት ስቲክ አድርግልኝ ቢለው ከየትኛውም ማስተካከያ የበለጠ ያተርፋል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ከግለሰቡ ይከብዳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ዴስክቶፕ የቢሮ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የጨረታ ሰነዶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ያው ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ዲስክ፣ ስክሪን። ተጫራች በእነዚህ አራቱ ላይ ታማኝ ሆኖ ትርፉን ከቦርዱና ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ይቆርጣል፤ ሕግ አልጣሰም። መድኃኒቱ ረጅም ዝርዝር መጻፍ አይመስለኝም፤ ዝርዝር በበዛ ቁጥር የተወሰነ ብራንድ ለመጥቀም ተጻፈ የሚል አቤቱታ ይመጣል። ይልቅ ውጤት ይጠየቅ። ከቀረበው ዕቃ ላይ በዕጣ ጥቂቱ ይውጣ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ሥራ ላይ ይዋል፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ፍጥነት ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸር። በመካከል ዩፒኤሱ ይነቀል። ፕሮሰሰሩ ገደብ ላይ የደረሰበትን ምክንያት፣ ሙቀት ነው ወይስ የኃይል ገደብ፣ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይመዘግባል።

«ማን ይሠራዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። እዚያው ልደታ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንጋፋዎቹ የሙያ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው ተግባረ ዕድ አለ። ሠልጣኞች ለልምምድ ዕቃ ይፈልጋሉ፣ ገዢ መሥሪያ ቤት ደግሞ ገለልተኛ መዛኝ ይፈልጋል። ነጋዴዎች ጊዜ ይፈጃል ብለው እንደሚቃወሙ እገምታለሁ፤ የእነሱም ክርክር እውነት አለው፣ በቀን ብዙ ኮምፒውተር የሚሸጥ ሱቅ እያንዳንዱን ሠላሳ ደቂቃ ማስሮጥ አይችልም። ለሱቅ አሥር ደቂቃው የሲኒቤንች ፈተና ይበቃዋል፤ ገዢና ሻጭ ስለ ዋጋ ሲከራከሩ ከሚያጠፉት ጊዜ አይበልጥም። ለአንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ የሚገዛ ተቋም ግን ግማሽ ሰዓት የለኝም ማለት አይችልም። የፈተናው ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ቢኖር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ዙር ነጥብና የመጨረሻው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአሥር በመቶ ካለፈ ተጫራቹ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ፣ ካላስረዳ ዕቃውን ይዞ ይመለስ።